ጭቃ ውስጥ የተኛ እንቁላል

ዛሬ ሐይቅ ዳር የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ እየበላሁ ስልኬ ላይ ያነበብኩት ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። በስሎቫኪያና በፖላንድ ድንበር ያሉት የታትራ ተራራ ሐይቆች በከሰል ጭስ ምክንያት ለዓመታት አሲድ ዘንቦባቸዋል። አሲድ የበዛበት ሐይቅ ውሃው ኩልል ያለ ነው፤ ሕይወት ግን እጅግ ይመናመንበታል! አሲዱ ከአፈሩ አሉሚኒየም አጥቦ ያመጣና የዓሣን መተንፈሻ ይጎዳል።

ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ጭሱ ሲቀንስ መጀመሪያ የተሻለው ውሃው ነው። ነፍስ ያለው ነገር ቀስ እያለ ነው የሚመለስ። ዳፍኒያ የምትባል ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ፍጡር አለች። እንቁላሏ ጭቃ ውስጥ አሥርት ዓመታት ተኝቶ ሊፈለፈል ይችላል። ጉድ እኮ ነው! ዓሣ ግን ይህ ዕድል የለውም፤ አንዴ ካለቀ ከሌላ ውሃ ካልመጣ የለም።

የእኛ ሐይቅ ውሃው አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ አሲድ በቀላሉ አይበግረውም። እኔን የሚያሳስበኝ በክረምት ከዳገቱ የሚወርደው አፈር ነው።