ሳንቲሟና 16ቱ ስባሪዎች

የብራንደን ሳንደርሰንን የኮስሚር መጻሕፍት (በአንድ ምናባዊ ጽንፈ ዓለም የተሳሰሩ ልብ ወለዶቹን) ደጋግሜ የማነበው በውስጣቸው ያለው አስማት ወሰንና ዋጋ ስላለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው የመጀመሪያው «ሚስትቦርን» ውስጥ አሎማንሰሮች የብረት ብናኝ ውጠው በሆዳቸው «በማቃጠል» ኃይል ያገኛሉ፤ ብናኙ ሲያልቅ ኃይሉም አብሮ ያልቃል። አረብ ብረት የሚያቃጥል ሰው በዙሪያው ያለውን ብረት ከራሱ መግፋት ብቻ ይችላል፤ ስለዚህ ሳንቲም መሬት ላይ ጥሎ ቁልቁል ሲገፋት፣ መሬቱ ስለሚያግዳት፣ እሷ በመሄድ ፈንታ እሱ ራሱ ወደ ላይ ይወረወራል። ይህ የግፊትና የአጸፋ ሕግ በግልጽ ስለተነገረን፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ቪን በጭንቅ ሰዓት መውጫ ስታገኝ ደራሲው ያዳናት አይመስለንም፤ ብልሃቷ ያዳናት መሆኑን እናምናለን።

ሮሻር በተባለው ሌላው የኮስሚር ዓለም ደግሞ ኃይሉ በታላቁ አውሎ ነፋስ ከተሞሉ ዕንቁዎች ይቀዳል። የሁለቱም ምንጭ ግን አንድ ነው፤ አዶናልሲየም የተባለው ጥንታዊ ኃይል ተሰብሮ 16 ስባሪዎች ሆኗል፤ የእያንዳንዱም ዓለም አስማት በዚያ ከሰፈሩት ስባሪዎች ጠባይ ጋር የተሳሰረ ነው። እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያስደስተኝ ከዓለም ወደ ዓለም የሚዘዋወረው ገጸ ባሕርይ ሆይድ ነው። በ«ሚስትቦርን» መረጃ የሚሸጥ ለማኝ ሆኖ ለጥቂት ገጾች ብቻ ብቅ ይላል፣ በሮሻር ግን የንጉሥ ቀልደኛ ነው፤ ስሙን ባወቅሁበት ሌሊት ወደዚያ ለማኝ ተመልሼ ንግግሩን ቃል በቃል እንደገና አነበብሁ።