ያልተጨመቀው ጋቢ

ሐምሌ፣ ሌሊት። ውሃ እንደ ልማዱ ሰው ከተኛ በኋላ መጣ። የዘፈዘፍኩትን ጋቢ ከሳፋው አውጥቼ ልጨምቅ ስል ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። ይዤዋለሁ፣ ግን መያዜ አይታወቀኝም። እትዬ በመስኮት ብቅ ብለው «ለነገ አይደርስም፣ ልጄ?» አሉኝ። ምን እንደመለስኩላቸው እንጃ፤ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

እጅ ነው ቀድሞ የሚከዳው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኑ ተመትቶ እንግሊዝና ፈረንሳይ መካከል ባለው ሰርጥ የወደቀ አብራሪ፣ ውሃው በጣም ከቀዘቀዘ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጣቶቹ ሥራ ያቆማሉ። ልቡ ግን ገና ይመታል፣ ጆሮውም ይሰማል። ገመድ ወርውሮለት «ያዝ!» ማለት ታዲያ ምን ይረባል? ለዚህ ነው ከነፍስ አድን ጀልባዎቹ ጎን የገመድ መረብ የሚለቀቀው። ከሠራተኞቹ አንዱ በመረቡ ይወርድና እስከ ወገቡ እየረጠበ ሰውየውን በልብሱ ይጎትተዋል። ያ የበረራ ልብስ ውሃ ሲጠጣ ምን ያህል እንደሚከብድ ዛሬ ጋቢው ነገረኝ።

የእንግሊዝ አየር ኃይል ይህን ሥራ በአንድ መምሪያ ሥር ያደራጀው በ1941 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጃንጥላው በደህና ተከፍቶለት ባሕር ላይ የቀረው አብራሪ ብዙ ነው። ከጀልባዎቹ የታወቀችው ጣሪያዋ ስለጎበጠ «የዓሣ ነባሪ ጀርባ» የሚሏት ነበረች፦ 19 ሜትር ገደማ፣ የእንጨት አካል፣ እያንዳንዳቸው 500 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሦስት የኔፒየር ሞተሮች። እስከ 36 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ያህል ትሮጣለች። የምትጠጣው ቤንዚን ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ የጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይተኛል፤ አናፍሰው ሳያስወጡት ሞተር ማስነሳት ራስን ማቃጠል ነው። ጣውላውን ደግሞ ጥይት በቀላሉ ያልፈዋል።

እኔን የሚይዘኝ ግን ይኼ ነው። ያ ሁሉ ፍጥነት እስከ ሰውየው ድረስ ብቻ ነው። ለማንሳት መቆም አለ። ካፒቴኑ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ይቆምና ጀልባዋን ለወደቀው ሰው ከለላ ያደርጋታል። ከዚያ ነፋሱ ራሱ ጀልባዋን ወደ ሰውየው ይገፋታል። ከልክ በላይ ከቀረበች ማዕበሉ ያነሳትና መልሶ እላዩ ላይ ይጥላታል። ፕሮፔለሮቹ መቆም አለባቸው፣ አለዚያ ይቆርጡታል፤ ቆመውም እንኳ ውሃው ላይ የተዘረጋው የጃንጥላ ገመድ ሊጠመጠምባቸው ይችላል። ያኔ እርዳታ የመጣችው ጀልባ ራሷ እርዳታ ፈላጊ ትሆናለች፣ ያውም የጠላት አውሮፕላን በሚዞርበት ሰማይ ሥር። ነሐሴ 19 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የወደብ ከተማ ድየፕ ላይ በተደረገው ወረራ ከነፍስ አድን ጀልባዎቹ በርከት ያሉት ተመተው ቀርተዋል።

ነፍስ አድን አውሮፕላኑም ያው ነው። ዋልረስ የሚባለው፣ ክንፉ ድርብ፣ ሞተሩ ወደ ኋላ የዞረ፣ መልከ ጥፉ ነገር (እኔ እወደዋለሁ) ውሃ ላይ ማረፍ ይችላል። መነሳቱ ነው ጣጣው። ማዕበል ከበረታ ወይም ያነሳቸው ሰዎች ከበዙ አልነሳም ይላል፤ ስለዚህ እንደ ጀልባ ውሃውን እየቀዘፈ ሰርጡን አቋርጦ ወደ ቤቱ የተመለሰበት ጊዜ አለ።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ የነበረው የሌተና አድሪያን ማርክስ አውሮፕላን ግን አልተመለሰም። ነሐሴ 2 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. በፊሊፒንስ ባሕር፣ ኢንዲያናፖሊስ የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ከሰጠመች በኋላ ለቀናት የተንሳፈፉትን መርከበኞች ሲያይ፣ ክፍት ባሕር ላይ አትረፍ የሚለውን ትእዛዝ ጥሶ ካታሊና የሚባለውን፣ ውሃ ላይ ማረፍ የሚችል አውሮፕላኑን አሳረፈ። በቡድን የተያያዙትን አቆይቶ ብቻቸውን የሚዋኙትን አስቀደመ፤ ሻርክ ነበርና። የአውሮፕላኑ ሆድ ሲሞላ ክንፉ ላይ በጃንጥላ ገመድ እያሰረ ደረደራቸው። 56 ሰው! አውሮፕላኑ ከዚያ ወዲያ አልበረረም፤ መርከብ ደርሳ ሰዎቹን ከወሰደች በኋላ ራሳቸው አሰመጡት።

ሳይቆሙ ማዳን ይቻል እንደሆነም ተሞክሯል። የጀልባ ነዳፊው ዩፋ ፎክስ ሰባት ሜትር ገደማ የሆነች የእንጨት ጀልባ ሠራ፤ ሸራ አላት፣ ሞተር አላት፣ ሃድሰን አውሮፕላን ሆዱ ሥር ተሸክሟት ሄዶ በስድስት ጃንጥላ ይጥላታል። በግንቦት 1943 እ.ኤ.አ. ሰሜን ባሕር ላይ የወደቁ የሃሊፋክስ ቦምብ ጣይ ሠራተኞች የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች ሆኑ። ሐሳቡ ድንቅ ነው። ነገር ግን ጀልባዋ ውስጥ መረቡን ይዞ የሚወርድ ሰው የለም። ጣቱ የማይታጠፍ ሰው ጠርዟን በምን ይጨብጥ?

ተስቦ ከወጣም በኋላ አላለቀም። ከውሃው በሕይወት ወጥቶ ጀልባዋ ላይ የሞተ ነበር። አካሉን ዙሪያውን ጨምቆ የያዘው ውሃ በአንዴ ሲለቀው፣ በብብቱ ቀጥ አድርገው ሲያነሱት ደሙ ወደ እግሩ ይወርድና ልቡ ባዶውን ይቀራል። ዛሬ በተቻለ መጠን አጋድመው ነው የሚያወጡት። ያኔ መረቡ ላይ ወርዶ የጎተተው ልጅ ይህን በምን ያውቃል? በጎተትኩት ነው የሞተው ብሎ ያስብ ነበር ይሆን?

ለካ ውሃው ሄዷል። ጋቢው ሳፋው ውስጥ ሰጥሞ ቀርቷል፣ እኔ ስለ ማዳን ስጽፍ። እትዬ ጠዋት ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ።