ዛንዚባር ላይ ከሆቴሉ በፊት የባሕሩን ዳር ምረጡ

ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ በጭጋግና በጭቃ ስትያዝ ዛንዚባር ደረቅ ወቅቷ ላይ ናት። ከመጋቢት ጀምሮ የሚወርደው ትልቁ ዝናብ አብቅቷል፤ ትንሹ ዝናብ ደግሞ ከጥቅምት በፊት አይጀምርም። ቀኑ ይሞቃል እንጂ እንደ ጥርና የካቲት አያፍንም፤ ማታ ማታ ነፋሻ ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ከቦሌ በቀጥታ የሚነሣው በረራም ሦስት ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። ስለዚህ ክረምት ሲገባ በቤታችን የምትነሣው ደሴት እርሷ ናት፤ የምንሄደውም እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና እናቴ ነን።

ይህን የሚያውቁ ወዳጆቼ ሁሉ የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «ጥሩ ሆቴል ንገሪኝ» ይሉኛል። እኔ ግን የሆቴል ስም ከመጥራቴ በፊት ከማን ጋር እንደሚሄዱና ባሕሩ ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚፈልጉ እጠይቃለሁ። ዛንዚባር ስንል በአብዛኛው የምንለው ኡንጉጃ የተባለችውን ትልቋን ደሴት ነው። ከሰሜን እስከ ደቡብ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት፤ ይሁን እንጂ የሰሜኑ ጫፍና የምሥራቁ ዳርቻ ፈጽሞ ሁለት የተለያዩ ዓለማት ናቸው። በፎቶግራፍ ላይ ግን ሁሉም አንድ ነው፤ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውኃ፣ የተንጋደደ የኮኮናት ዛፍ።

ፎቶግራፉ የማይናገረው የባሕሩን ሙላትና ሽሽት ነው። እኛ ሐይቅ እያየን ያደግን ሰዎች ነን፤ የላንጋኖ ውኃ ጠዋት ያየነው ቦታ ላይ ማታም ይጠብቀናል። የሕንድ ውቅያኖስ እንዲህ አይደለም። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ማለትም በፓጄ፣ በጃምቢያኒ፣ በብዌጁና በማተምዌ፣ ከባሕሩ ዳር ራቅ ብሎ የኮራል ዐለት እንደ አጥር ተዘርግቷል። በዐለቱና በአሸዋው መካከል ያለው ውኃ ጥልቀት የለውም፤ ስለዚህ ባሕሩ ሲሸሽ ሜዳው ሁሉ ይራቆታል። ልጅ ዋና ልብሱን ለብሶ ሲወጣ ውኃው አድማስ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ይጠብቀዋል፤ እስኪመለስ ድረስ ሰዓታት ያልፋሉ።

አንዲት ወዳጄ በዚህ ምክንያት አዝና ተመልሳለች። ያረፈችበት ቤት «ከደጅዎ እስከ ውኃው አሥር እርምጃ» ብሎ አስተዋውቆ ነበር። ነገሩ እውነት ነው፤ እውነት የሚሆነው ግን ባሕሩ ሲሞላ ነው። ልጆቿ ረፋዱን ሁሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ውኃ ሲጠብቁ የሰነበቱበትን ስትነግረኝ እኔም ተናደድሁ። ቤቱን የሚያከራይ ሰው ይህን አስቀድሞ የመናገር ግዴታ አለበት ብዬ አምናለሁ። አንድ ቤተሰብ ለዓመት ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ሲመጣ በፎቶግራፍ ብቻ ማባበል ተገቢ አይደለም።

ደግነቱ ነገሩ በጨረቃ ይታወቃል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ጠፍታ አዲስ ስትወለድ ልዩነቱ ከሁሉ ጊዜ ይበልጣል፤ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል አራት ሜትር ገደማ ከፍታ ይኖራል። በእነዚያ ቀናት ባሕሩ ጨርሶ የሚሸሸው ረፋድ ላይ፣ በእኛ አራትና አምስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ልጆች ቁርሳቸውን ጨርሰው ወደ ውኃ የሚሮጡበት ሰዓት ማለት ነው። ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሰሞን ግን ተገላብጦ ረፋዱ ላይ ይሞላል፤ ሽሽቱም መጠነኛ ይሆናል። ስለዚህ ምሥራቁን የመረጠ ሰው የበረራ ቀኑን ከመቁረጡ በፊት ጨረቃን ቢያይ ይጠቀማል። የዛንዚባር የሙላት ሰንጠረዥ ለየቀኑ ተዘጋጅቶ ስለሚገኝ መገመት አያስፈልግም። በነገራችን ላይ የስዋሂሊ ሰዓት አቆጣጠር እንደ እኛው ነው፤ ቀኑ የሚጀምረው ጎሕ ሲቀድ ነው። ዓሣ አጥማጁ በቋንቋው «አራት ሰዓት ላይ ይሸሻል» ቢላችሁ የእኛው አራት ሰዓት ነው። በሆቴሉ ግድግዳ ላይ በእንግሊዝኛ የተለጠፈው ሰንጠረዥ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነውና እዚያ ላይ ጠንቀቅ በሉ።

ነፋሱም አለ። ከሰኔ እስከ መስከረም ኩሲ የሚሉት ነፋስ ከደቡብና ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል። ፓጄ በዚህ ወቅት ካይት በተባለ፣ ነፋስ በሚጎትተው ትልቅ ጨርቅ እየተሳቡ ውኃ ላይ በሚንሸራተቱ ወጣቶች ትሞላለች፤ ለእነርሱ ነፋሱ ሲሳይ ነው። ሕፃን ይዞ አሸዋ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ግን ቀኑን ሙሉ ዓይኑ ውስጥ አሸዋ ሲገባ ይውላል።

ልጆቻችሁ መዋኘት ብቻ ከፈለጉ ወደ ሰሜን ሂዱ። ኬንድዋና የኑንጉዊ ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ የባሕሩ ወለል ቶሎ ስለሚጠልቅ ውኃው ቢሸሽም ጥቂት እርምጃ ነው፤ በማንኛውም ሰዓት ይዋኛል። ፀሐይዋም ባሕሩ ላይ ትጠልቃለች። ኑንጉዊ ላይ ዳው የሚባሉትን የእንጨት ጀልባዎች እዚያው አሸዋው ላይ ሲሠሩ ማየት ይቻላል፤ ልጄ መዶሻውንና መሮውን እያየ ምሳውን ረስቶ ውሏል። ነገር ግን ሰሜኑ ይጮኻል። ሆቴሎቹ ትከሻ ለትከሻ ናቸው፣ ሻጩና አስጎብኚው አያስቀምጥም፤ ኬንድዋ ላይ ደግሞ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ቅዳሜ ማታ እስከ ንጋት የሚዘልቅ ጭፈራ አለ። ከአዛውንት ጋር የምትሄዱ ከሆነ ያንን ቅዳሜ ሽሹት። እናቴ እዚያ ደስ አላላትም። የከበዳት ከጫጫታው ይልቅ በሙስሊም መንደር መካከል ቱሪስቱ በዋና ልብስ ሲተላለፍ ማየት ነበር፤ «ሰው ቤት ገብቶ እንዲህ ይኮናል?» አለችኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም።

ለእርሷ የሆነላት ጃምቢያኒ ነው፤ እኔም አሁን ልቤ ያለው እዚያ ነው። ጃምቢያኒ ረጅም መንደር ናት፤ ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ቤቶች፣ ፍየሎች፣ ከትምህርት ቤት በነጭ ሻሽ ተከናንበው የሚመለሱ ልጃገረዶች ይታዩባታል። እዚህ ባሕሩ ሲሸሽ ሥራ ይጀመራል። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ተራቆተው ሜዳ ይወርዱና አሸዋ ላይ በተተከሉ እንጨቶች መካከል በገመድ ላይ ያሰሩትን የባሕር አረም ይንከባከባሉ። ይህ እርሻ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመጣ ነው፤ አረሙ ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል፤ ከእርሱ የሚወጣውም ነገር ለጥርስ ሳሙናና ለመዋቢያ ቅባት ይውላል። ከፍ ያለ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት ውኃው እየሞቀ በመምጣቱ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ሴቶቹ ቀዝቀዝ ወዳለው ጥልቅ ውኃ እንዳይሄዱ ደግሞ ብዙዎቹ ዋና አያውቁም።

እናቴ በየጠዋቱ ነጠላዋን ተከናንባ ከቤቱ ደጃፍ እየተቀመጠች ትመለከታቸው ነበር። በመንገዳቸው የሚያልፉት ወጣቶች «ሺካሞ» ይሏታል፤ ትንሽ ለትልቅ የሚያቀርበው የአክብሮት ሰላምታ ነው። «ማራሃባ» ብላ መመለስን ቶሎ ለመደች። አንዲት በዕድሜ የምትቀራረባት ሴት ገመድ ስትፈታ አየቻትና ተነሥታ ሄደች፤ ቋንቋ ሳይኖራቸው አብረው ቋጠሮ ሲፈቱ ረፈደ። እኔ ያን ሳይ ስልኬን አላወጣሁም። እዚያ ያለውን ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣት ነውር ነው፤ ልጆቼንም ይህን አስተምሬያቸዋለሁ። ጫማ ሳያደርጉ ወደ ተራቆተው ባሕር መውረድም አይገባም፤ ዐለቱ ሥር እንደ ጃርት እሾኽ ያለው የባሕር እንስሳ አለ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። እናቴ ረቡዕና ዓርብን ባሕር ማዶም ብትሆን አትፈታም፤ ፍልሰታን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን ርቃ አታሳልፍም። ስለዚህ የምንሄደው ወይ በሐምሌ ነው፣ ወይ ጾሙ ከተፈታ በኋላ ነው። በትልልቆቹ ሆቴሎች ምግቡ ከክፍሉ ጋር ተጠቃሎ ስለሚከፈል ለጾመኛ ሰው የሚተርፈው ሰላጣና ዳቦ ነው። ጃምቢያኒ ያረፍንበት ትንሽ ቤት ግን ማብሰያ ክፍል ነበረው፤ አብሳይዋም ቦሎቄ በኮኮናት ወተት፣ ሩዝና ጎመን ትሠራልናለች። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማይገባበት፣ በእናቴ ልማድ ዓሣም እንደማይበላ በመጀመሪያው ቀን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ደሴት ላይ ዓሣ እንደ ሥጋ አይቆጠርምና። ቡናዋን ከቤት ቆልታና ወቅጣ ይዛ ትሄዳለች። የፕላስቲክ ከረጢት ወደ ዛንዚባር ማስገባት ክልክል ስለሆነ በፌስታል የያዛችሁትን ሁሉ ከቦሌ ሳትነሡ ወደ ጨርቅ ከረጢት አዛውሩት።

ደቡቡን፣ ኪዚምካዚን፣ ለማደሪያ አልመርጠውም። እዚያው ዲምባኒ ላይ ያለው መስጊድ እ.ኤ.አ. በ1107 ኩፊክ በሚባለው ጥንታዊ የዐረብኛ አጻጻፍ የተቀረጸ ጽሑፍ ስላለው ለአንድ ቀን መሄድ ይገባል። ዶልፊን ለማየት በጀልባ መሯሯጡን ግን ተዉት፤ እንስሳቱ በጀልባ ተከበው ሲጨነቁ ማየት ለልጆች አይጠቅምም።

የስቶን ታውን፣ ማለትም የአሮጌዋ የዛንዚባር ከተማ፣ አዳር ወደ መጨረሻው ይሁን። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው፤ ከሰሜኑ ጫፍ ተነሥቶ ለጠዋት በረራ ለመድረስ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ መንዳት ይጠይቃል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። መኪና ወደ ጠባቦቹ መንገዶች ስለማይገባ ሻንጣው በእጅ ይጎተታል፤ የድሮ ቤቶቹ ደረጃም ቀጥ ያለ ነው፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ምድር ቤት ያለ ክፍል አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ላይ ከተጠበሰው እየመረጡ መብላት ለልጆች በዓል ነው። ቀን ላይ ግን የባሪያ ገበያው የነበረበትን ቦታ ሳታዩ አትመለሱ። ገበያው እ.ኤ.አ. በ1873 ሲዘጋ በቦታው የአንግሊካን ካቴድራል ተሠራበት። የመዝጊያውን ስምምነት የፈረመው ሱልጣን ባርጋሽ እናቱ ከሐበሻ ምድር የመጣች የቤተ መንግሥት ሴት እንደነበረች ይነገራል። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው ልጄ «በፈቃዷ ነው የመጣችው?» አለችኝ፤ የማውቀውን ያህል ነገርኋት። ይህ ታሪክ የእኛም ስለሆነ ከባሕሩ ጨዋታ ጎን አንድ ረፋድ ይገባዋል።

ከወጪው ጋር የማይረሳ አንድ ነገር፦ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው የደሴቲቱን የጉዞ መድን የመግዛት ግዴታ አለበት፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፤ ከሌላ ቦታ የተገዛ መድን አይተካውም። ሆቴሉን ደግሞ ከዋጋው ውጪ የሚከፈል የአዳር ግብር እንዳለ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እንዳለው፣ አልጋው አጎበር እንዳለው ጠይቁት። ባሕሩ ዳር ላይ ያለው አሸዋ ይሁን ወይስ ገደል፣ እርሱንም ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ ኮራል ገደል ላይ ተሠርተው ወደ ውኃ የሚወርዱት በደረጃ ነው።

ዘንድሮ ልጆቹ ኬንድዋን፣ እናቴ ጃምቢያኒን ጠየቁ። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጨረቃ ግማሽ የምትሆንበትን ሰሞን መረጥሁ፤ ረፋዱ ላይ ውኃው ስለሚሞላ ጃምቢያኒ ላይም ልጆቹ ይዋኛሉ። ለቤቱ ባለቤት የላክሁት የመጨረሻ ጥያቄ ስለ ዋጋ አልነበረም፤ በእነዚያ ቀናት ባሕሩ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ጠየቅሁት። የየቀኑን ሰዓት ጽፎ፣ በየትኞቹ ቀናት መዋኘት እንደማይመች ጭምር ለይቶ ላከልኝ። ቀብዱን የከፈልሁት በዚያው ማታ ነው።