አማርኛ አማርኛ የሚል እንግሊዝኛ

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለመቀጠር ደሴ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚጻፉትን የእንግሊዝኛ ማመልከቻዎች ያየ ሰው፣ ችግሩ የቃላት እጥረት እንዳልሆነ ያውቃል። ቃሉ ሞልቷል፤ እንዲያውም ተርፏል። ዓረፍተ ነገሩ ግን አማርኛ አማርኛ ይላል።

ዋናዋ ጥፋተኛ «-ቼ» ናት፣ ከእህቷ ከ«-ሼ» ጋር። «ትናንት ከደሴ ተነሥቼ፣ ኮምቦልቻ ደርሼ፣ ማመልከቻዬን አስገብቼ፣ መልስ ሳላገኝ ተመለስኩ» ብንል ያምራል፤ ማሰሪያው አንድ ነው፣ እሱም መጨረሻ ላይ። ወደ እንግሊዝኛ ስናሻግረው ግን በየ«-ቼ»ው ፋንታ «ኤንድ» እንለጥፋለን፦ «አይ ስታርትድ ፍሮም ደሴ ኤንድ ሪችድ ኮምቦልቻ ኤንድ ሰብሚትድ ማይ አፕሊኬሽን ኤንድ ሪተርንድ ዊዝአውት ጌቲንግ አንሰር»። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርደው የሐረጎ መንገድ ተጠማዞ አንባቢውን ያዞረዋል። እንግሊዝኛ አፉን የፈታበት ሰው መነሣቱንና መመለሱን አይጽፈውም፤ ከነገሩ ይታወቃላ። የሄደበትን ጉዳይ ደግሞ በ«ቱ» ይይዘዋል፦ «የስተርደይ አይ ዌንት ቱ ኮምቦልቻ ቱ ሰብሚት ማይ አፕሊኬሽን፣ በት አይ ዲድንት ጌት ኤን አንሰር»። ስለዚህ ረቂቁን ስትጨርሱ ግሥ ከግሥ የሚያያይዙትን «ኤንድ»ዎች ቁጠሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሁለት ካለፉ ቁረጡት፣ ወይም ሳይነገር የሚገባውን ግሥ አውጡ።

ሌላው ቃል ከማን ጋር እንደሚሄድ ነው። «ስለ ችግሩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስድ አባውት» እንጽፋለን፤ «ዲስከስ» ግን «ስለ»ን ሆዱ ውስጥ ይዟታል፣ «ዊ ዲስከስድ ዘ ፕሮብለም» ይበቃል። እኛ ሬዲዮ እንከፍታለን፣ እነሱ «ተርን ኦን» ይላሉ። «አምስት ተማሪ» ለኛ ትክክል ነው፤ በእንግሊዝኛ መጨረሻው ላይ «ስ» የግድ ነው። «ምንም እንኳ» ብለን ስንጀምር «ግን» ማስከተል ስለለመድን «ኦልዞው» እና «በት» አብረው ይመጣሉ፤ አንዱን ሰርዙ። ለዚህ ሁሉ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት አያድንም። ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚገኙትን የኦክስፎርድ፣ የሎንግማን ወይም የካምብሪጅ የተማሪ መዝገበ ቃላት ክፈቱ፤ ፍቺውን ዝለሉና ምሳሌውን አንብቡ። ደብተራችሁ ላይም ግሡን ለብቻው ሳይሆን ከጎረቤቶቹ ጋር ጻፉት።

«ዘ» ለሚያስቸግረው፦ ስሙን በአማርኛ በሉት። «ደብዳቤው» ካላችሁ «ዘ»፣ «አንድ ደብዳቤ» ካላችሁ «ኤ»። ዘዴው ሊያሳስት የሚችለው ለምሳሌ «ቤቱ» ስንል ነው፤ «የእሱ ቤት» ማለትም ሊሆን ስለሚችል ያኔ «ሂዝ» ነው።

ሰላምታ ይጠር። ለቀጣሪ «ሃው ኢዝ ዩር ፋሚሊ» ብሎ መጀመር ቡና ላይ እንጂ ማመልከቻ ላይ አያምርም፤ የመጀመሪያው መስመር የሥራ መደቡን ይጥራ። ሰዓቱንና ዘመኑንም መልሱት፦ የጠዋቱ 3 ሰዓት «ናይን ኤ ኤም» ነው፣ ሰኔ 2014 አጋማሽ ላይ የተመረቀ ሰው ደግሞ «ጁን 2022» ብሎ ይጽፋል።