ለቴስት የሚሆን የማይለዋወጥ ዴስክቶፕ

ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ሲስተም ላይ የሚሠራ የአማርኛ የሽያጭ ፕሮግራም አለኝ፤ በትርፍ ሰዓቴ ራሱን በራሱ እንዲፈትሽ እያደረግኩ ነው። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ስለ ቴስት ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ስለሚፈትሸው ኮድ፣ ብዙ ተብሏልና እኔ የማወራው ቴስቱ ስለሚሮጥበት ዴስክቶፕ ነው።

ትናንት ያለፈ ቴስት ኮዱ ሳይነካ ዛሬ ሲወድቅ፣ ብዙው ሰው «ሁለት ሰከንድ ጠብቅ» የሚል መስመር ይጨምርና ይገላገላል። እኔ ግን መጀመሪያ ስክሪኑን አያለሁ። ኖቲፊኬሽን ብቅ ብሎ በተኑን ሸፍኖታል? ስክሪኑ ተቆልፏል? አፕዴት የሚል መስኮት ከፊት ቆሟል? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚያ ነው።

ስለዚህ እኔ የምሠራበትና ቴስቱ የሚሮጥበት ዴስክቶፕ ተለያዩ። ኤክስቪኤፍቢ የተባለው ፕሮግራም ሞኒተር ሳያስፈልገው ሜሞሪ ውስጥ ስክሪን ይፈጥራል። መጠኑን 1920 በ1080፣ ቀለሙን 24 ቢት አድርጌ ቆለፍኩት። መስኮቶችን የሚያስተዳድረውን ኦፕንቦክስንም አብሬ አስነሳለሁ፤ መስኮት የሚያስተዳድር ከሌለ አዲስ የተከፈተ መስኮት ከኪቦርድ የሚላከውን ላይቀበል ይችላል። ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ በአብዛኛው የሚከፈተው ዌይላንድ በተባለው አዲሱ የስክሪን ማሳያ ሥርዓት ነው። ዌይላንድ ደግሞ አንዱ ፕሮግራም ሌላው ላይ እንዲጽፍ ሆን ብሎ አይፈቅድም፤ ኪቦርድና ማውስ አስመስለው የሚልኩ እንደ ኤክስዱቱል ያሉ መሣሪያዎች እዚያ እንደልባቸው አይሠሩም፤ ኤክስቪኤፍቢ ላይ ግን ይሠራሉ።

ጉዱ ያለው ፎንት ላይ ነው። አዲስ የተጫነ ባዶ ሲስተም የግዕዝ ፊደል ላይኖረው ይችላል። የኔ ፕሮግራም የተሠራው ኪውቲ በተባለው የመስኮትና የበተን መሥሪያ ስለሆነ ያጣው ፊደል ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። የስክሪን ፎቶ የሚያወዳድረው ቴስት ግን ደንታም የለው። የመነሻው ፎቶ ሳጥን፣ የዛሬውም ሳጥን፤ አንድ ናቸው፣ አለፈ! «ክፈል» ሦስት ሳጥን ነው፣ «ሰርዝ»ም ሦስት ሳጥን። ሁለቱ በተኖች ቦታ ቢቀያየሩ ቴስቱ አረንጓዴ (ያለፈ) ሆኖ ይቀጥላል። ቀይ (የወደቀ) ቴስት ቢያናድድም ቢያንስ ያስነሳሃል፤ እንዲህ ያለው አረንጓዴ ግን ያስተኛሃል። አሁን ከሁሉ በፊት የሚሮጠው ፍተሻ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለው የግዕዝ ፎንት መኖሩን ያያል፤ ከሌለ ሌላው ቴስት አይጀመርም። የፎንቱንም ቨርዥን እንዳይቀየር አስሬያለሁ። ሲስተሙ በሱ ፋንታ አቢሲኒካ የተባለውን ሌላ ፎንት ቢመርጥ የመስመሩ ቁመት ይቀየርና ፎቶው ሁሉ ይለያያል።

ኪቦርዱም የራሱ ጣጣ አለው። የአማርኛ መጻፊያው ክፍት ከሆነ፣ በላቲን የተላከው የመግቢያ ስም ግዕዝ ሆኖ ቁጭ ይላል። አማርኛውን ደግሞ ፊደል በፊደል ስትልክ አንዳንዱ ይዘለላል። ስለዚህ ጽሑፉን ከክሊፕቦርድ ፔስት አደርጋለሁ። እውነተኛውን የአማርኛ አጻጻፍ የሚፈትሽ አንድ ቴስት ለብቻው አለ።

ቀን ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰርቨሩ ዩቲሲ (የዓለም መደበኛ ሰዓት) ላይ ከተተወ፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ድረስ ለሱ ቀኑ ገና የትናንቱ ነው። ቴስት የሚሮጠው ደግሞ በሌሊት! የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ አደረግኩ፣ ቀኑን ደግሞ ለፕሮግራሙ የውሸት ሰዓት በሚያሳየው ፌክታይም፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ላይ አስጀምረዋለሁ። ቀኑን የመረጥኩት በኛ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ስለሆነ ነው። 13ኛ ወርም፣ 6ኛ ቀንም፣ የዓመት መዝጊያም በአንድ ላይ ይፈተሻሉ። ሰዓቱን ጨርሳችሁ አታቁሙት ታዲያ፤ ታይመር የሚጠብቁ መስኮቶች ሊደርቁ ይችላሉ። ከዚያ ቀን ተነስቶ ይቁጠር።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም በራሱ እንዲነሳ በሲስተምዲ (የሊኑክስ የፕሮግራም አስጀማሪ) አስሬዋለሁ፤ እሱ ቀላል ነው።

የቀረኝ ደረሰኙ ነው። ለጊዜው ወደ ፒዲኤፍ አትሜ ጽሑፉን አመሳክራለሁ። ቀጥሎ የገጹን ስፋት እንደ ጥቅል ወረቀቱ 80 ሚሊሜትር አድርጌ፣ ረጃጅም የዕቃ ስሞች የት ላይ እንደሚቆረጡ አያለሁ።