ሁለቱም ሐይቅ ውስጥ ቢወድቁስ?

ይህን የምጽፈው ሹፌራችን ጋሼ እንደማያነቡት እርግጠኛ ስለሆንኩ ነው።

ሥራው ጣና ዙሪያ ያለው መሬት በመንገድና በግንባታ ምን ያህል እንደተቆራረጠ መለካት ነበር። ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት፣ የዘጌው መንገድ፣ ከባሕር ዳር ወደ ዳር ዳር የሚገፋው የቆርቆሮ ቤት፣ ሁሉም መሬቱን እንደ እንጀራ ይቆርሱታል። የተጠቀምነው ዮኸን ዬገር በፈረንጆቹ 2000 ያወጣውን ቀመር ነው። ኢፌክቲቭ ሜሽ ሳይዝ ይሉታል። የእያንዳንዱን ቁራጭ ስፋት በራሱ ታባዛለህ፣ ትደምራለህ፣ ለጠቅላላው ስፋት ታካፍላለህ። መልሱ ትልቅ ከሆነ መሬቱ ብዙም አልተነካም፤ ካነሰ ተበጣጥሷል።

የእኔ መልስ ትልቅ ወጣ። በጣም ትልቅ። አለቃዬ ወደዱት። «ልማቱ አካባቢውን አልጎዳም ማለት ነው» ብለው በማግስቱ ስብሰባ ላይ አቀረቡት። እኔም ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

በሳምንቱ ለመስክ ማጣራት ወደ ወረታ ወጣን። ሐሙሲት ላይ ለሻይ ቆምን። ጋሼ «ለመሆኑ የምትለኩት ምንድን ነው?» አሉኝ። ማስረዳት ነፍሴ ነው። አቧራ የጠገበው የመኪናው ኮፈን ላይ በጣቴ ካርታ ሣልኩ።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ሁለት ጠጠር እዚህ ላይ ይወርውሩ። ሁለቱም መንገድ ወይም ቤት ያልከፈለው አንድ ቁራጭ ላይ የመውደቃቸው ዕድል ስንት ነው? እሱን ነው የምንለካው።»

ሻያቸውን ፉት አሉ። ሥዕሉን አዩት። ጣናን መሃል ላይ አንሰራፍቼ ነበር የሣልኩት።

«ሁለቱም ሐይቅ ውስጥ ቢወድቁስ?»

«እሱማ…» አልኩና ቆምኩ።

«ሐይቁን መንገድ አይከፍለው። ቤት አልተሠራበት። ከእሱ የበለጠ ያልተቆረሰ ከየት ይመጣል?»

ስልኬን አወጣሁ። የወሰድነው ቦታ 5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ከ3,000 በላይ ነው፤ በደፈናው 3,000 እንበለው። በራሱ አባዛሁት፣ ለ5,000 አካፈልኩት። 1,800። ሐይቁ ብቻውን! እርሻው፣ ደኑ፣ ረግረጉ ገና ሳይነካ። ለካ ስለካ የከረምኩት ውሃ ኖሯል።

ውሃን መጀመሪያ ለይቶ ማውጣት የዚህ ሥራ ሀሁ ነው። እኔ ግን የካርታውን ሌየር (የመረጃ ንብርብር) ኮምፒውተሩ ላይ ስጭን «ግንባታ ያልሆነውን ሁሉ» ብዬ በአንድ ጆንያ ከትቼው ነበር። ጋሼ ምንም አላሉም። ሁለተኛ ሻይ አዘዙ፤ ሒሳቡን እኔ ከፈልኩ።

ቢሮ ተመልሼ ሐይቁን አወጣሁት። ቁጥሩ ገደል ገባ። አለቃዬ ጠሩኝ።

«ለምንድን ነው የወረደው?»

«ሐይቁ ስለወጣ ነው።»

«ሐይቁ የት ሄዶ?»

አስረዳሁ። ትንሽ አሰቡና «የዘጌ ሰው በጀልባ ይመላለስ የለ እንዴ? ሐይቁ ያገናኛል እንጂ አይለያይም» አሉ። ክፋቱ፣ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የዘጌ ጦጣ ትኬት ቆርጣ ጀልባ አትሳፈርም የሚለው መልስ የመጣልኝ ደረጃውን ወርጄ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

በመጨረሻ የተስተካከለው ቁጥር ሪፖርቱ ውስጥ ገባ። ምክንያቱም እንዲህ ተብሎ ተጻፈ፦ «በተደረገ ጥልቅ ቴክኒካዊ ፍተሻ»። የምስጋናው ገጽ ላይ ስብሰባ የተቀመጠ ሁሉ ስሙ አለ። የጋሼ የለም። ያንን ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አሁን መስክ በወጣን ቁጥር ጋሼ ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት በመስታወቱ ያዩኛል።

«እህ፣ ዛሬስ ጠጠሩ የት ወደቀ?»