የትኛዋን ሀ?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከፍቶኝ ዋለ። ምክንያት የለውም። ሥራ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ውጭ ቀዝቀዝ ብሏል፤ ቅጠሉ መርገፍ ጀምሯል። በዚህ ሰሞን ሁሌም እንዲህ ያደርገኛል። ልጽፍ የተቀመጥኩትም ስለዚሁ ነበር።

ግን ህሊና የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች።

በየሳምንቱ ዐርብ የእንግሊዝኛ የቃላት ፈተና አለባቸው። የዚህ ሳምንት ቃላት በሙሉ ጂ እና ኤች ተከታትለው የሚጻፉባቸው ናቸው። ናይት፣ ላይት፣ ኤይት፣ ዶውተር፣ ቶውት። ሌሊት፣ ብርሃን፣ ስምንት፣ ሴት ልጅ፣ ሐሳብ። ናይትን ስትጽፍ ሁለቱን ፊደላት ዘለለቻቸው። አሳየኋት። በላጲስ አጥፍታ እንደገና ጻፈች። ሦስተኛው ቃል ላይ ላጲሱ ወረቀቱን ቀደደው። እርሳሷን ጥላ «ማሚ፣ ካልተነበቡ ለምን ይጻፋሉ?» አለችኝ።

«ዝም ብለሽ ሸምድጂው» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እኔም በልጅነቴ የተባልኩት እሱን ነው። ግን እንባዋ ዐይኗ ላይ ደርሷል። ስለዚህ የማውቀውን ነገርኳት።

ድሮ ይነበቡ ነበር። እንግሊዞች ሌሊትን ኒኽት ይሉት ነበር፣ ከጉሮሮ። አያቷ በስልክ «ኸዚያ» ሲሉ የምትሰማት ዓይነት ድምፅ ናት። ጀርመኖች ዛሬም ሌሊትን ናኽት፣ ስምንትን አኽት፣ ሴት ልጅን ቶኽተር ይላሉ። ስኮትላንድ ውስጥም ኒኽት የሚሉ አሉ። እንግሊዝ ውስጥ ግን ድምፁ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። አንዳንድ ቃል ላይ ደግሞ «ፍ» ሆኖ ቀረ። ላፍ ብለው ሲስቁ፣ ኮፍ ብለው ሲያስሉ የምንሰማው ፍ ከዚያ የመጣ ነው። እንግሊዛዊው አታሚ ዊልያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 ለንደን አጠገብ ዌስትሚንስተር ላይ ማተሚያውን ሲተክል ድምፁ ገና ጨርሶ አልጠፋም ነበር። ከዚያ በኋላ አጻጻፉ በኅትመት እየረጋ መጣ። አነጋገሩ ግን መለወጡን ቀጠለ።

ከሁሉም የምወደው ዲላይትን ነው። ደስታ ማለት ነው። ከፈረንሳይኛ ሲመጣ ጂም ኤችም አልነበረበትም። ላይትን ስለመሰላቸው ጨመሩበት። ብርሃንና ደስታ በአጻጻፍ ዘመድ ሆኑ። ስሕተት ነው፤ ግን እንዴት ደስ የሚል ስሕተት!

ህሊና «ኒኽት፣ ናኽት» እያለች ጉሮሮዋን እስኪያማት ጮኸች። ከዚያ ቃላቱን አንድም ሳትስት ጽፋ ተኛች።

እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የእኛዎቹ ሞክሼ ፊደላት ትዝ አሉኝ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። በአማርኛ ሦስቱም አንድ ሆነዋል። በጥንቱ ግዕዝ ግን ሦስት ድምፅ ነበሩ። ሐመሩን ሐ ትግርኛ እስካሁን ለይቶ ይጠራታል። ከጉሮሮ የምትወጣው ብዙኃኑ ኀ ነበረች። ናይት ውስጥ የጠፋችውና ኀ ላይ የጠፋችው ድምፅ እንደ እህትማማች ናቸው። ይሄን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

የልጄ ስም ደግሞ በዚያችው ፊደል ነው የሚጻፈው። ኅሊና። ኀለየ ከሚለው የግዕዝ ግስ የመጣ ነው፤ አሰበ ማለት ነው። ከቤት ሥራዋ ቃላት አንዱ ቶውት ነው። ሐሳብ! ሁለቱም ቃላት አንድ ዓይነት ድምፅ ጠፍቶባቸዋል። ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጥፌ ቆሜ አየሁት።

ሞክሼዎቹ ይቀነሱ የሚለው ክርክር የቆየ ነው። ልጅ ሆኜ ቃል ጽሕፈት ላይ ንጉሥን በእሳቱ ሰ ጽፌ ነጥብ ሲቀነስብኝ፣ በሙሉ ልቤ «ይቀነሱ» ባይ ነበርኩ። አሁን ግን ያሳዝነኛል። «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ስንል ለምኚልን ማለታችን ነው። በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ከተጻፈ ሣዪልን ይሆናል። ናይትም እንደዚሁ ነው፤ ፊቱ ላይ ኬ ሲጨመርበት ፈረሰኛ ጦረኛ ይሆናል። ጆሮ አይለያቸውም። ዐይን ነው የሚለያቸው።

ለአባባ ደወልኩላቸው። እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ ደሴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ለኪዳን ሊወጡ ተነሥተዋል።

«ምን ሆናችሁ?» አሉ ደንግጠው።

«ደኅና ነን አባባ። ኅሊና ላይ ያለችው ኀ ድሮ እንዴት ነበር የምትጠራው? ሲጠሯት ሰምተው ያውቃሉ?»

ትንሽ ዝም አሉ። ጋቢያቸውን ሲያጣፉ ይሰማኛል።

«ኸየኔታም አልሰማኋት ልጄ። ይህቺ ብዙኃን ናት፣ ይህቺ ሐመር ናት እያሉ በስም ነው የለዩልን። ሲያነቡ ግን ያው አንድ ነው።»

ኸየኔታ አሉ። ድምፅዋ ከጉሮሯቸው ስትወጣ ጆሮዬ ላይ ቀረች። አልሰማኋት የሚሏትን በዚያው አፋቸው ጠሯት። ልነግራቸው ፈለግሁ፤ ቃል አጠረኝ።

ህሊና ስትወለድ በሰው እጅ የላኩልኝ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አለ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይልና ከሥሩ ስሟን አውጥተውላታል። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ለብቻው መስመር ላይ። ኅ ላይ ሁለት ጊዜ ደግመው ስለጻፉባት ከሌሎቹ ፊደላት ትደምቃለች። ድምፅዋን የማያውቋትን ፊደል ይህን ሁሉ ዓመት ቦታዋን ሳይስቱ ጽፈዋታል። እኔ ከላይ ህሊና እያልኩ ነው የመጣሁት። ስልኬ ቀድሞ የሚሰጠኝ ያችን ነው፤ እጄም ለምዷታል።

«አንቺስ» አሉኝ ሊዘጉ ሲሉ፣ «ስሟን በየትኛዋ ሀ ነው የምታስጽፊያት?»

የቅዳሜ አማርኛ ደብተሯ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሽፋኑ ላይ በእኔው እጅ ህሊና ተብሎ ተጽፏል። መልስ አጣሁ።

«በይ ኪዳኑ ረፈደብኝ፣ ነገ ትነግሪኛለሽ» ብለው ዘጉ።

በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት። ሰርዤ ላስተካክለው? ወይስ ጠዋት ሁለቱንም አሳይቻት ራሷ ትምረጥ?